ጊኒ ፒግ ይዞ በመኪና መጓዝ፦ ሳጥኑን ከማንጠፍ እስከ ዘመድ ቤት

«ዘመድ ጋ ልንሄድ ነው፤ የልጆቹን ጊኒ ፒጎች ምን እናድርጋቸው?» ሰመር በመጣ ቁጥር ስልኬ ላይ የሚገባው ጥያቄ ይሄ ነው። የሚጠይቁኝ እንደኔው ልጆቻቸው አልቅሰው ያስገዟቸው ወላጆች ናቸው። ጊኒ ፒግ ጅራት የሌላት፣ ከጥንቸል የምታንስ ትንሽ የቤት እንስሳ ናት። እኛ ቤት ሁለት አሉ፤ ሽሮና ቡላ። ስሙን ያወጡላቸው ልጆቹ ናቸው፣ መልካቸውን አይተው። ከሲልቨር ስፕሪንግ ኮሎምበስ፣ ኦሃዮ፣ 400 ማይል ገደማ መንገድ ብዙ ጊዜ ተመላልሰንበታል። ለእያንዳንዱ ሰው በቮይስ ሜሴጅ ከምደግመው ይኸው ጻፍኩት።

ጊኒ ፒግን መንገድ ላይ የሚጎዷት በዋናነት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ ሙቀትና ባዶ ሆድ። ከታች ያለው አብዛኛው ነገር እሷን ከነዚህ ለመጠበቅ ነው። አንዱን ደረጃ መዝለል ካማራችሁ መጀመሪያ ይህን አስቡ።

ይዞ መሄድ ወይስ መተው?

የምትቆዩት ሁለት ሦስት ቀን ብቻ ከሆነ ቤታቸው ቢቀሩ ይሻላል። በቀን ሁለቴ ብቅ ብሎ ድርቆሽ፣ ውኃና ቅጠል የሚያቀርብ፣ መብላታቸውንም በዓይኑ የሚያይ ሰው ፈልጉ። ከዚያ በላይ ከሆነ ይዛችኋቸው ሂዱ።

ያረገዘች፣ ከእናቷ ጡት ያልተለየች፣ በቅርቡ ኦፕራሲዮን የሆነች ወይም ሰሞኑን ምግብ የቀነሰች ግን መንገድ አትውጣ። ሁለት ካሏችሁ ሁለቱንም ውሰዱ ወይ ሁለቱንም ተዉ። አብረው የለመዱ ናቸው፤ አንዷ ብቻዋን ስትሆን ትፈራለች፣ ስትፈራ ደግሞ መብላት ታቆማለች።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ለድመት የሚሸጠው ጠንካራ ፕላስቲክ የጉዞ ሳጥን፣ በጎንና በጎኑ አየር የሚያስገባ። ሁለቱም ተጋድመው ዞር ማለት ከቻሉ በቂ ነው። ካርቶን አይሆንም፤ ሽንት ያረጥበዋል፣ ጥርስ ይጨርሰዋል።
- ሁለት አሮጌ ፎጣና ሁለት ፍሊስ ጨርቅ። አንደኛው ፍሊስ ያልታጠበ ይሁን፤ ምክንያቱን እነግራችኋለሁ።
- ቲሞቲ የሚባለው ድርቆሽ። ይበቃል ካላችሁት እጥፍ ያዙ።
- የለመዱት ፔሌት (ተጨምቆ የደረቀው እንክብል መኖ)። ሌላ ከተማ አገኛለሁ ብላችሁ አትተማመኑ፤ ድንገት የተቀየረ መኖ ሆድ ያበላሻል።
- ኪያር፣ ሮሜይን ሰላጣና ጣፋጩ ትልቁ ቃሪያ፣ ታጥቦ ተቆራርጦ በትንሽ አይስ ቦክስ።
- የውኃ ጠርሙሳቸውና ከቤት የተቀዳ ውኃ። አዲስ ከተማ ላይ የቧንቧው ጣዕም ሲለወጥባቸው አንዳንዶቹ አይጠጡም።
- በረዶ የሆኑ ሁለት ትንንሽ የውኃ ላስቲኮች፣ እያንዳንዳቸው በወፍራም ካልሲ ውስጥ።
- ትንሽ ቴርሞሜትር።
- የወጥ ቤት ሚዛን።
- የመኪና መስኮት የፀሐይ መከለያ።
- መርፌ የሌለው ስሪንጅና አንድ ከረጢት ክሪቲካል ኬር። በውኃ የሚበጠበጥ የዱቄት መኖ ነው፤ እምቢ ስትል በአፏ ይሰጣል።
- ፌስታልና የወረቀት ፎጣ። ከምታስቡት በላይ ይሸናሉ።
- ሲደርሱ የሚያርፉበት ተጣጣፊ አጥር።

አሠራሩ

1. ከሁለት ሳምንት በፊት ሳጥኑን ቤታቸው ውስጥ አስቀምጡት። በሩን ክፍት አድርጉ፣ ውስጡ ድርቆሽ ጣሉበት፣ ከዚያ ተዉአቸው። በሦስተኛ አራተኛው ቀን ገብተው ሲተኙበት ታያላችሁ። ሳጥኑን የሚያውቁት ሐኪም ቤት ሊወሰዱ ሲሉ ብቻ ከሆነ፣ ገና ሲያዩት ይደነግጣሉ። ከዚያ አንድ ሁለት ቀን በአካባቢያችሁ የአሥር ደቂቃ ዙር ንዱ። ሲመለሱ ወዲያው መብላት ከጀመሩ ጥሩ ምልክት ነው። ጥግ ይዘው ሰዓታት ከቆዩ ግን ልምምዱን ደጋግሙት።

2. የሐኪም ስልክ ያዙ። ውሻና ድመት የሚያክም ሁሉ ጊኒ ፒግ አያክምም። ስትደውሉ «ኤግዞቲክ እንስሳት ታያላችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ከውሻና ከድመት ውጭ ያሉትን የቤት እንስሳት ማለት ነው። የምትሄዱበት ከተማ አንድ፣ መንገድ አጋማሽ ላይ ካለ ከተማ አንድ ጻፉ። ሆቴል የምታድሩ ከሆነም ደውሉ። እንስሳ እንቀበላለን የሚሉ ብዙዎቹ የሚያስቡት ውሻና ድመትን ነው።

3. ዋዜማውን መዝኗቸው። አዋቂ ጊኒ ፒግ ከ700 እስከ 1200 ግራም ትሆናለች። የየራሳቸውን ስልካችሁ ላይ ጻፉ። ጊኒ ፒግ በባሕርይዋ ሕመሟን ትደብቃለች፤ ሚዛን ግን አይዋሽም። የመነሻውን ቁጥር ካላወቃችሁ ስትደርሱ መክሳቷን የምታውቁበት መንገድ የለም። በዚያውም የመኪናውን ኤሲ ፈትሹ፣ በተለይ ወደ ኋላ ወንበር በደንብ መድረሱን። አታጥቧቸው፤ እርጥብ ሆና ኤሲ ውስጥ መቀመጥ ለብርድ ነው።

4. ሳጥኑን አንጥፉ። ከታች ፎጣ፣ ከላይ ፍሊስ። ፍሊስ ሽንቱን ወደ ታች ያሳልፋል፣ ፎጣው ይመጠዋል፣ እግራቸው ደረቅ ይሆናል። ከላይ የሚሆነው ያልታጠበው ነው። የራሳቸው ጠረን ስላለበት ቤታቸው ያሉ ይመስላቸዋል። በአንድ ጥግ ድርቆሽ ከምሩ፤ ይሄ ምግባቸውም መደበቂያቸውም ነው። ከባድ የእንጨት ወይም የሸክላ መጠለያ አታስገቡ፤ ፍሬን ሲያዝ ተንሸራትቶ ይመታቸዋል።

የውኃ ጠርሙሱን ሳጥኑ ላይ አትስቀሉ። የመጀመሪያ ጉዟችን ላይ ሰቅዬው ነበር። መኪናው በተንገጫገጨ ቁጥር ጠብ ጠብ ሲል፣ ፔንሲልቬንያ ስንገባ ጠርሙሱ ባዶ፣ ፍሊሱ ጨቅይቶ፣ ሽሮ ሆዷ ድረስ ረጥባ ነበር። በመንገድ ላይ ውኃ የሚያገኙት ከኪያሩ ነው፤ ጠርሙሱ በየማረፊያው ይቀርባል።

5. በጠዋት አብሏቸው፣ ከዚያ አስገቧቸው። ልጅን «መኪና ላይ እንዳያስመልስህ አትብላ» እንደምንለው እዚህ አይሠራም። ጊኒ ፒግ ማስመለስ አትችልም። አንጀቷ የሚሠራው ከኋላው ሌላ ምግብ እየተከተለ ሲገፋው ነው። ባዶ ከሆነ ይቆማል፣ ጋዝ ይሞላል፣ ከዚያ በኋላ ነገሩ የሐኪም ነው። ስለዚህ ቀኑን ሙሉ ድርቆሽ ፊቷ ይኑር። ስታነሷት አንድ እጅ ከደረቷ ሥር፣ አንድ እጅ ከቂጧ ሥር ይሁን። ጀርባዋ ተንጠልጥሎ ከቀረ ይጎዳል።

6. ሳጥኑን ከፊት ወንበር ጀርባ ወለሉ ላይ አስቀምጡት። ቦታው ጠባብ ስለሆነ ሳጥኑ አይንሸራተትም፣ ፀሐይም ብዙ አያገኘውም። የማይገባ ከሆነ ከኋላ ወንበር ላይ፣ በግራ በቀኝ በትራስ ወይም በሻንጣ ተደግፎ። ፊት ወንበር ላይ አይሆንም፤ ኤርባጉ ከፈነዳ ሳጥኑን ይሰብረዋል። ትራንክ ውስጥም አይሆንም፤ አየሩ ታፍኗል፣ ምን እንደሆኑም አታዩም። ለቀበቶ ተብሎ ያልተሠራ ሳጥን ላይ ቀበቶ ጎትታችሁ አታጥብቁ፤ በግጭት ጊዜ ቀበቶው ራሱ ይጨፈልቀዋል። ሳጥኑ ላይም ሻንጣ አትጫኑ።

የፀሐይዋን አቅጣጫ አስሉ። እኛ ኦሃዮ ስንሄድ ወደ ምዕራብ ስለምንነዳ ፀሐይ አብዛኛውን ቀን በግራ በኩል ናት። ስለዚህ ሳጥኑ ከቀኙ ወንበር ጀርባ ይሆናል። በግራው መስኮት መከለያውን እንለጥፋለን።

7. መኪናውን መጀመሪያ አቀዝቅዙ፣ ከዚያ ጫኗቸው። ሲነጋጋ መነሳት ጥሩ ነው። ከመጫናችሁ አሥር ደቂቃ በፊት ኤሲውን ክፈቱ፤ ጋራዥ ውስጥ ከሆነ ግን ሞተር አታስነሱ፣ አውጥታችሁ ነው።

ጊኒ ፒግ አታልብም። እንደ ውሻ አለክልካም በደንብ አትበርድም። የሚስማማት ከ65 እስከ 75 ፋራናይት ነው፤ ከ18 እስከ 24 ሴልሺየስ መሆኑ ነው። 80 ፋራናይት (27 ሴልሺየስ) ሲያልፍ አደጋው ይጀምራል። ቴርሞሜትሩን ሳጥኑ ላይ፣ እነሱ ባሉበት ከፍታ አድርጉት። ዳሽቦርዱ የሚያሳያችሁ ቁጥር የእነሱ አይደለም። አንድ ሐምሌ ላይ እኔ ፊት ለፊት ሹራብ ደርቤ ተቀምጫለሁ፤ ልጄ ከኋላ «እማዬ፣ 84 ይላል» አለች። ወንበሬ ነፋሱን ጋርዶባቸው፣ ሳጥኑ ላይ ደግሞ ብርድ ልብስ ተጥሎበት ነበር። ቡላ እግሮቿን ወደ ኋላ ዘርግታ ወለሉ ላይ ተለጥፋለች። ብርድ ልብሱን አነሳን፣ የኋላውን ማራገቢያ ከፈትን፣ በካልሲ ያለውን በረዶ አጠገቧ አደረግን። በአሥራ አምስት ደቂቃ ውስጥ ድርቆሹን ማኘክ ጀመረች። ቴርሞሜትሩ ባይኖር ዝም ብዬ ነበር የምነዳው።

በረዶው በሳጥኑ አንድ ጫፍ ብቻ ይሁን። ሲበርዳቸው የሚሸሹበት ቦታ ያስፈልጋቸዋል። ኤሲውንም ቀጥታ አታንፉባቸው።

8. እየተነዳ ሳጥኑ አይከፈትም። ልጆቹ «ትንሽ ልያዛት» ይላሉ። አይሆንም። አምልጣ ፍሬን ሥር ከገባች እሷም እናንተም አለቀላችሁ። ሙዚቃውንም ቀንሱ፤ ጆሯቸው ከእኛ የተሻለ ይሰማል። ዝም ብለው ቢቀመጡ አትደንግጡ፤ በአዲስ ቦታ እንደዚያ ነው። የጥርስ መንቀጫቀጭ ከሰማችሁ ግን ተናደዋል፣ በተለይ ሁለት ወንዶች ከሆኑ። ጎንበስ ብላ ከሥሯ የራሷን ለስላሳ በጠጥ አንስታ ስትበላ ልጆቹ ከጮሁም ጤነኛ ነች በሏቸው። አንዳንድ ቫይታሚኖችን የምታገኘው ከዚያ ነው።

9. በየሁለት ሰዓቱ ቁሙ። አሥራ አምስት ደቂቃ ይበቃል። ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው፦

ጥላ ፈልጉ፣ ሞተሩና ኤሲው አይጥፋ፣ በሮቹ ይዘጉ። የውኃ ጠርሙሱን አፋቸው ድረስ አቅርቡ። ካልጠጡ እርጥብ ሮሜይንና ሁለት ቁራጭ ኪያር ስጡ። ቃሪያ በቀን አንዴ አትርሱ፤ ጊኒ ፒግ እንደ ሰው ቫይታሚን ሲ በራሷ መሥራት አትችልም። ከዚያ በጠጡን እዩ። ድርቅ ያለና ሞላላ ከሆነ ሆዱ እየሠራ ነው። ከወጡ ሦስት አራት ሰዓት ሆኖት አዲስ በጠጥ ከሌለ፣ ድርቆሹም ካልቀነሰ፣ ረዘም ያለ እረፍት ስጧቸው፤ መኪናው ሲቆም ብዙዎቹ መብላት ይጀምራሉ።

ሽንት ቤት በተራ ነው የሚኬደው። አንድ አዋቂ ሁልጊዜ መኪናው ውስጥ ይቀራል። ውጭ 80 ፋራናይት ሲሆን፣ ሞተሩ የጠፋ መኪና ውስጥ በ10 ደቂቃ 99፣ በ20 ደቂቃ 109 ይደርሳል። መስኮቱን ትንሽ ከፈት ማድረግ ብዙም አይለውጠውም። ብቻችሁን የምትነዱ ከሆነ ሳጥኑን አንጠልጥላችሁ ግቡ። ሰው ያያችኋል፤ ይይ።

ሣር ላይ ግን አታውጧቸው። የረስት ኤሪያ ሣር መድኃኒት የተረጨበትና ውሻ የሚሸናበት ነው።

10. ስትደርሱ ከሰላምታው በፊት ቦታቸውን አዘጋጁ። አንድ ጸጥ ያለ ክፍል፣ በሩ የሚዘጋ። አጥሩን ትከሉ፣ ያንኑ ያደረ ፍሊስ አንጥፉ፣ ድርቆሽና ውኃ አቅርቡ፣ ከዚያ ለአንድ ሰዓት ተዉአቸው። የቤቱ ልጆች ሁሉ ለመንካት ይሰለፋሉ። «ነገ» በሏቸው።

አክስቴ መጀመሪያ ያየቻቸው ዕለት «አይጥ ጭናችሁ መጣችሁ?» ብላ ወንበር ላይ ወጥታ ነበር። አሁን ኪያር የምትቆርጥላቸው እሷ ናት። ችግሩ ያለው ቡናው ላይ ነው። የቡና ቁላት ጭስና ዕጣን ለሰው ደስ ይላል፣ ለጊኒ ፒግ ሳንባ ግን ከባድ ነው፤ በቀላሉ የመተንፈሻ ሕመም ይይዛቸዋል። ስለዚህ ክፍላቸው ከሳሎኑ ይራቅ፣ ቡና ሲፈላ በሩ ይዘጋ። ለአስተናጋጆቻችሁም በግልጽ ንገሩ፤ ለእንግዳ ማጉረስ ልማዳችን ነውና እንጀራም ዳቦም ቆሎም ይሰጧቸዋል። አይሆንም። ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ድንችና አቮካዶ ደግሞ ይመርዟቸዋል።

ማታ መዝኗቸው፣ ጠዋትም መዝኗቸው። 20፣ 30 ግራም ከፍ ዝቅ ማለት ያለ ነው። በየቀኑ እየቀነሰ ከሄደ ግን ለሐኪሙ ደውሉ።

ማስጠንቀቂያ

*የሙቀት ምት።* ፈጣን ትንፋሽ፣ ለሃጭ፣ መዛል፣ ጠርታችኋት አለመንቀሳቀስ። መኪናውን አቁሙ። ቀዝቀዝ ባለ ውኃ የረጠበ ጨርቅ ጆሮዋና እግሮቿ ላይ አድርጉ። የበረዶ ውኃ አታፍስሱባት፤ ድንጋጤው ራሱ ይጎዳታል። ውኃ በግድ አትጋቷት። ቢሻላትም ሐኪም ይያት።

*አለመብላት።* 12 ሰዓት ሙሉ ምንም ካልበላች ድንገተኛ ሕመም ነው፣ ጠዋት እስኪሆን አይጠበቅም። ወደ ሐኪም እየደወላችሁ ክሪቲካል ኬሩን በጥብጣችሁ በስሪንጅ፣ ከአፏ ጎን በኩል፣ ትንሽ ትንሽ እያላችሁ ስጡ። ሆዷ እንደ ከበሮ ተወጥሮ ከሆነ ግን አትመግቧት፤ ቀጥታ ሂዱ።

*የቤት መድኃኒት።* ቦርሳችን ውስጥ አሞክሳሲሊን አይጠፋም። ለጊኒ ፒግ ግን አሞክሳሲሊንም ሌላ የፔኒሲሊን ዘርም በአፍ አይሰጥም። አንጀቷ ውስጥ ያሉትን ጠቃሚ ባክቴሪያዎች ጨርሶ እሷኑ ይገድላታል። ማስታገሻና ማስተኛም ሐኪም ካላዘዘ አይሰጥም።

ሰዎች የሚሳሳቱባቸው

ሳጥኑን በጣም ትልቅ መግዛት አንዱ ነው። ለቤት ሰፊ ጥሩ ነው፣ ለመኪና ግን ፍሬን ሲያዝ ከጫፍ ጫፍ ይወረወራሉ።

ሁለቱን «እንዳይጣሉ» ብሎ መለየትም አለ። አብረው የሚኖሩ ከሆነ አብረው ይሂዱ። ሲደርሱ የአንዷ ጠረን ከተለወጠ ነው ጠብ የሚመጣው።

አይስበርግ ሰላጣ መስጠት። ውኃ ብቻ ነው፣ ብዙ ከበሉ ያስቀምጣቸዋል።

አልፋልፋ ድርቆሽ ለአዋቂ መግዛት። ካልሲየሙ ብዙ ነው፣ በሽንት ቧንቧ ጠጠር ያመጣል። ለግልገሎችና ላረገዘች ነው የሚሆነው።

ለመመለሻው

ሳጥኑን ከመነሻው ቀን በፊት እጠቡት። ነጭ ሆኖ የደረቀው የሽንት ዝቃጭ በሳሙና አይለቅም፤ ነጭ አቼቶ ከውኃ እኩል ቀላቅላችሁ ሩብ ሰዓት አፍስሱበት፣ ከዚያ በደንብ አለቅልቁት፣ ሽታው ይውጣ። በረዶዎቹን ማታውኑ ፍሪዘር ውስጥ መልሱ፤ እኛ አንዴ አክስቴ ቤት ረስተናቸው ወጥተናል። ሳጥኑን ስትጭኑ ደግሞ ጎኑን ቀይሩ። አሁን ወደ ምሥራቅ ናችሁ፤ ፀሐይ በቀኝ በኩል ናት፣ ሳጥኑም ከሹፌሩ ጀርባ ነው።